የጀልባ ተሳቢ ጎማ ሀረጎ ላይ ፈነዳብኝ፤ ምን ዓይነት ልግዛ?

የሀረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)
እሑድ መጋቢት 14፣ 2017፣ ከቀኑ 8:10

ሰላም ወገን። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ጀልባ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ባሕር ዳር ብሆን አይገርምም ነበር። እኔ ግን የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ጀልባችንም የምታድረው ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ነው። ዶሮዎቻችን እንቁላል የሚጥሉት እሷ ውስጥ ነው።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው የገዛናት። ፋይበር ናት፣ አምስት ሜትር ገደማ። 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። ሐይቅ ከተማ ወዳለው ውሃ እየወሰድናት ዓሣ እናወጣለን፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ሰው እናንሸራሽርባታለን። ሞተሩ ውድ ስለሆነ ውሃው ዳር ጥለናት መምጣት አንደፍርም። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ፣ በሃይሉክስ እየጎተትን ከኮምቦልቻ በደሴ አድርገን ሐይቅ ደርሰን እንመለሳለን። ተሳቢውን እዚሁ ነው ያስበየድነው። አንድ አክሰል፣ ሁለት ጎማ፣ ፍሬን የለውም።

ጥር ላይ ሦስት ጎማ ገዛሁ። 175/70 አር 13፣ 82ቲ፣ የኮሮላ ጎማ ማለት ነው። አንዱ ለተቀያሪ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። አዲስ ጎማ ላይ እንደ ጸጉር ብቅ ብቅ የሚለው ነገር እንኳ አልረገፈም። ሻጩ ጎኑ ላይ ያለችውን 4017 የምትል ቁጥር አሳየኝና «የ17 ነው፣ የዘንድሮ፣ ትኩስ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ባለፈው ረቡዕ ጾም ስለሆነ ዓሣ ይፈለጋል ብለን ሳጥኑን በዓሣና በበረዶ ሞልተን ስንመለስ ደሴን አልፈን የሀረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ጀመርን። ከጥምዞቹ አንዱ ላይ ዱው አለ! እኔ ድንጋይ የተናደ መስሎኝ ነበር። በመስታወት ሳይ ጀልባዋ ወደ ግራ ተንጋዳለች። ጓደኛዬ ቀስ አድርጎ ጥግ አስያዛት። ወርደን ስናይ የጎማው ጥርስ ከነሽቦው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተልጦ ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ላይ ተጠምጥሟል።

አሁን አትሳደቡ። ተቀያሪው ቤት ነበር። «ቦታ ይይዛል» ብዬ ትቼው ነው የወጣሁት። ወንድሜ ሚኒባስ ላይ ጭኖ እስኪያመጣልን ሁለት ሰዓት ተኩል ሀረጎ ላይ ቆምን። በረዶው ቀለጠ። ያለፈ መኪና ሁሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኖኅ! ውሃው ስንት ቀን ቀረው?» ይለናል።

ጥያቄዬ፦ አዲስ ጎማ እንዴት ይፈነዳል? ምን ዓይነት ልግዛ? ነፋስ ስንት ልሙላ? እስካሁን እንደ ኮሮላው 28 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያው) ነው የማስሞላው። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) አስገባበት የሚሉኝም አሉ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)
ከቀኑ 8:31

ረቡዕ ዕለት በዚያ አልፌ ነበር! ኖኅ ያልኩህ እኔ ነኝ። አፉ በለኝ ወንድሜ፣ ተራራ ወገብ ላይ ጀልባ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጎሚስታው (ደሴ ፒያሳ)
ከቀኑ 9:05

ልጄ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ሀረጎ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዕድለኛ ነው።

ጎማህ አዲስ አይደለም። 4017 ስትባል መጀመሪያ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት። የተመረተው በ2017 በ40ኛው ሳምንት ነው። ግን በማን 2017? በፈረንጁ! ፋብሪካው የኛን መስከረም አያውቅም። በኛ ስትመልሰው መስከረም 2010 መጨረሻ አካባቢ ይሆናል። የገዛኸው ጎማ ዛሬ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶታል።

ይቺን ነገር በየዓመቱ አያታለሁ። አምና 16 የሚል ጎማ «የዘንድሮ» ተብሎ ተሸጠ። ዘንድሮ ተራው የ17 ነው። ከርሞ ደግሞ 18 የሚለው ትኩስ ይሆናል። አንዳንዱ ሻጭ አውቆ ነው፣ አንዳንዱ ግን እንዳንተው ሳያውቅ ነው። የኔው ረዳት ራሱ ሥራ ሲጀምር እንደዚያ ነበር የሚያነበው።

ጸጉሩ አለመርገፉ የሚነግርህ ጎማው አስፋልት አለመርገጡን ብቻ ነው። ጎማ ግን ተቀምጦም ያረጃል። ውስጡ ያለው ቅባት ይደርቃል፣ ከሽቦው ጋር ያለው ጥብቀት ይላላል። ከዚያ ሲሞቅ ጥርሱ ተላጦ ይሄዳል። የፈነዳውን አምጣና ጥርሱ ከጎኑ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በአውራ ጣትህ ገፋ አድርገው። እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቁ ቀጫጭን መስመሮች ታያለህ።

ብዙ አምራቾች «ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ አሥር ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም ጣሉት» ይላሉ። እኔ ተሳቢ ላይ ከስድስት አላሳልፍም። የቤት መኪና ጎማ ሠርቶ ነው የሚያልቀው። ያንተ ዓይነት ተሳቢ ግን ስድስት ቀን ቆሞ በሰባተኛው ቀን ነው ተነስ የሚባለው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሙሉው ቁጥር የሚጻፈው በጎማው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። በውጭ በኩል ካጣኸው ከሥር ገብተህ ፈልግ። ከመነዳሪውን በኋላ እመለስበታለሁ፣ ደንበኛ መጣ።

የሀረጎ ልጅ
ከቀኑ 9:20

ያረቢ! ሰባት ዓመት ከመንፈቅ? ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ ጋ ሄጄ ልጣላ ወይስ ልተወው?

ጎሚስታው
ከቀኑ 9:48

አትጣላ። ቁጥሩን አሳየውና በጨዋ ደንብ ጠይቀው። ከመለሰልህ መለሰልህ።

መካኒካሏ (ቧንቧ ውሃ)
ከቀኑ 10:02

የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ፣ መካኒካል። ጋሼ ስለ ዕድሜው ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ጎማው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቢሆን እንኳ አይበቃህም ባይ ነኝ። እስቲ ክብደቱን ዘርዝርልን። ጀልባው፣ ሞተሩ፣ ተሳቢው፣ ዕቃው።

የሀረጎ ልጅ
ከቀኑ 10:15

ጀልባዋ ወረቀቷ ላይ 380 ኪሎ ይላል። ሞተሩ 80። ተሳቢውን ብረት ቤት ሚዛን ላይ አውጥተነው 290 መጣ። ነዳጅ 50 ሊትር። ባትሪ 20 ኪሎ። መረብ፣ መልሕቅ፣ ገመድ ምናምን 60። ሳጥኑ በረዶና ዓሣ ሲሞላ 120 ይሆናል።

መካኒካሏ
ከቀኑ 10:34

ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፣ 50 ሊትሩን 37 ኪሎ በለው። ድምሩ 987 መጣ። ከዚህ 70 ኪሎ ያህሉ በመጎተቻው በኩል ሃይሉክሱ ላይ ያርፋል እንበል። ጎማዎቹ ላይ 917 ቀረ። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 459 ደረሰው።

አሁን 82ቲ የሚለውን አንብብ። 82 የጭነት መለያ ነው፣ አንድ ጎማ 475 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ቲ ፍጥነት ነው፣ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሀረጎ ላይ ፍጥነቱ ምንም አያደርግልህም። የሚያስፈልግህ ጭነቱ ነው። እሱ ላይ የቀረህ 16 ኪሎ ብቻ ነው። ሁለት ተጨማሪ ጄሪካን ውሃ ብትጭን አለቀ።

ይኼ ደግሞ ጭነቱ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ነው። ሳጥኑን በየት በኩል ነው የምታስቀምጡት?

የሀረጎ ልጅ
ከቀኑ 10:36

በግራ።

መካኒካሏ
ከቀኑ 10:37

የፈነዳውስ?

የሀረጎ ልጅ
ከቀኑ 10:37

ግራ።

መካኒካሏ
ከቀኑ 10:55

በቃ፣ ተገኘ።

ሌላም አለ። 475 የሚችለው ሙሉ ነፋስ ሲይዝ ነው። አንተ 28 ሞልተህ ነው የምትጭነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ነው የሚሄደው። ሽቦ በእጅህ ቶሎ ቶሎ ስታጣጥፍ እንደሚሞቀው ነው። ከዚያ ሙቀቱ ጎማውን ይጨርሰዋል። አሜሪካኖች ደግሞ የቤት መኪና ጎማ ተሳቢ ላይ ከገባ አቅሙን በ1.1 አካፍሉት ይላሉ። 475 ለ1.1 ሲካፈል 432 ነው። አንተ 459 ጭነሃል፣ በግራ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ሰኞ ገበያ
ከቀኑ 11:03

ኖኅ ራሱ ሁለት ሁለት እያደረገ ግራና ቀኝ አመጣጥኖ ነው የጫነው እኮ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ከቀኑ 11:20

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ከፍታው ጎማውን ይነፋዋል። እኔ ሀረጎን ልጀምር ስል ትንሽ ነፋስ አወጣለሁ። እንዲያ ብታደርግ አይፈነዳም ነበር።

የባቲ መንገድ (ከባድ መኪና ሹፌር)
ከምሽቱ 1:25

አፍጥሬ መጣሁ። አሰላሙ አለይኩም።

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ ወላሂ ይቺን ምክር ለሰው አትስጥ። ጂቡቲ እመላለሳለሁ። ባቲን ወርደህ ሚሌ ስትደርስ አስፋልቱ ምጣድ ነው። እዚያ ላይ ጎማ ሲለካ ነፋሱ ጨምሮ ታገኘዋለህ። አዲስ ሹፌር ይደነግጥና ያወጣለታል። ሲመሽ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። ነገ በጎደለ ነፋስ ይጭናል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ እንደገና ያወጣለታል። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ጎማ ሲፈታ ታየዋለህ። የሞቀ ጎማ ላይ ነፋስ አይነካም። ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚለካው። ነገሩ ይኸው ነው።

ረዳቴ በየማቆሚያው ብረት ይዞ ጎማዎቹን እየዞረ ይመታል። ደህናው ይጮሃል፣ እጅህ ላይ ይነጥራል። የጎደለው ቡፍ ይላል። ያንተ ሁለት ጎማ ነው ያለው፣ ምን ይከብድሃል? ደሴ ስትደርስ ውረድና ምታው፣ በመዳፍህም ዳስሰው። ሁለቱ ጎማ እኩል ሙቀት ካላቸው አብሽር። አንዱ ከሌላው ብሶ ካቃጠለህ ወይ ነፋስ አጥሮታል፣ ወይ ጭነት በዝቶበታል፣ ወይ ኩሽኔታው (ጎማውን የሚያሽከረክረው ተሸካሚ) ሊሄድ ነው።

ስለ ነፋሱ፣ የእኔ ሃይማኖት ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙላ። የተሳቢ ጎማ ምቾት አይፈልግም፣ ውስጡ የሚሳፈር ሰው የለም።

መካኒካሏ
ከምሽቱ 1:50

ጋሼ ሹፌር ትክክል ነዎት። ጦሳ ሥር፣ ለማወቅ ያህል፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በዚህ ልዩነት መለኪያው ላይ የሚጨምረው 1 ፒኤስአይ ቢሆን ነው። ደሴ ደግሞ ከኮምቦልቻ ስለምትቀዘቅዝ ቅዝቃዜው መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ አትንካው።

ጦሳ ሥር
ከምሽቱ 2:04

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ለካ እስከ ዛሬ የተረፍኩት በጸሎት ነው።

ጎሚስታው
ከምሽቱ 2:40

ተመለስኩ። አሁን ምን ትገዛለህ ወደሚለው እንግባ።

ውጭ አገር ለተሳቢ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ጎማ አለ። መጠኑ ፊት ላይ ኤስቲ የሚል ፊደል አለው። ጎኑ ጠንካራ ነው። እዚህ ግን ዱባይ ዘመድ ካላስላክህ በቀር ሱቅ ላይ አታገኘውም። ደግሞ መንገድ ላይ ቢበላሽብህ ምትክ ከየት ታመጣለህ? እኔ ጎማ ስመርጥ አንደኛ ጥያቄዬ «ደሴ ላይ ማታ ሁለት ሰዓት ይገኛል ወይ?» የሚል ነው።

ስለዚህ መጠኑ መጨረሻ ላይ ሲ ያለበትን ግዛ። የጭነት ጎማ ነው፣ ሚኒባሱና ትንንሹ ጭነት መኪና የሚጫማው። ለምሳሌ 185 አር 14 ሲ፣ 8 ፒአር (የጥንካሬ ደረጃው ነው)። ጎኑ ላይ 102/100 የሚል ታያለህ። የፊተኛው ቁጥር ጎማው ብቻውን ሲታሰር ነው፣ 850 ኪሎ። የኋለኛው መንታ ሲታሰር ነው፣ 800። ያንተ ለብቻ ስለሆነ 850 ነው። 459 ስትጭንበት ሳይጨነቅ ይሄዳል። ያለህ ቸርኬ 13 ስለሆነ ግን 14 ቸርኬ መግዛት አለብህ። ስፋቱ 5 ወይም 5.5 ኢንች ይሁን፣ የቡሎን ቀዳዳው ካንተ ሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሐል ብረት) ጋር ይግጠም። ቸርኬውም የራሱ አቅም አለው። በመዶሻ የተቃና ቸርኬ አምጥተህ ጎማ ጠንካራ ነው ብትለኝ አልሰማህም።

13ቱን ቸርኬ ካልለቅ ካልክ ቢያንስ የጭነት ቁጥሩ ከፍ ያለ ፈልግ። 12 ኢንችም አለ፣ 155 አር 12 ሲ፣ 88 የሚል፣ 560 ኪሎ። ይሠራል። ግን ትንሽ ጎማ ለተመሳሳይ መንገድ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ኩሽኔታውም አብሮት ይደክማል። እኔ 14ቱን እመርጣለሁ።

የየት አገር ነው ለሚለው ብዙ አልከራከርም። ስሙ የታወቀ ሆኖ ስምንት ዓመት መጋዘን ከተኛው ይልቅ ስሙን የማላውቀውን የዚህን ዓመት እወስዳለሁ። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርግ። በአንድ አክሰል ላይ አንዱ ራዲያል (ባለ ሽቦው) ሌላው የድሮው የክር ጎማ እንዳይሆን።

ነፋሱ ላይ ከሹፌሩ ጋር አልስማማም። የሲ ጎማ ሙሉው 65 ነው። ለአንተ ጭነት 65 ብትሞላ ተሳቢው እንደ ኳስ ይነጥራል፣ የጀልባህ ፋይበር ይሰነጠቃል። 45 በቂ ነው።

ከመነዳሪ አታስገባ። ሰዎች የሚያስገቡት ቸርኬው ዝጎ በከንፈሩ ነፋስ ሲያወጣ ነው። የጀልባ ተሳቢ ውሃ ስለሚገባ ቸርኬው ቶሎ ይዝጋል፣ እሱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ መቀባት ነው። ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ ነው የሚተነፍሰው፣ ጥግ ትይዛለህ። ከመነዳሪ ያለው ግን በአንዴ ነው ቁጭ የሚለው። ቫልቮላዋንም ከጎማው ጋር ቀይራት፣ ዋጋዋ ከሻይ አይበልጥም።

የባቲ መንገድ
ከምሽቱ 3:02

ጋሼ አከብርዎታለሁ፣ 45ቱን ግን አልቀበልም። 60 ሙላ ወንድሜ።

ጎሚስታው
ከምሽቱ 3:06

አንተ 40 ቶን እየጎተትክ ለጀልባ ታዝዛለህ። ደህና እደር።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ)
ሰኞ መጋቢት 15፣ ከጠዋቱ 1:30

እዚህ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። እናንተን ልጆች አውቃችኋለሁ፣ ነጭ ጀልባ ነው ያላችሁ። ሁሉም ስለ ጎማ አወራ። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እናንተ እንደደረሳችሁ ሃይሉክሱን ወደኋላ አድርጋችሁ ተሳቢውን ቀጥታ ውሃ ውስጥ ነው የምትነክሩት። አንድ ቀን ቆሜ አየሁ። ጎማው መሐል ላይ ያለው ሞዞ ውሃ ሲነካ ጭስ አለ፣ ጭስ እንኳ ባይሆን እንፋሎት። ቡልቅ ቡልቅ ሲልም አይቻለሁ። ያ ምን ማለት ነው? ሞዞው ከደሴ እስከዚህ ሲሽከረከር መጥቶ ሞቋል። ውስጡ ያለው አየር ተለጥጧል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው አየሩ ይሰበሰብና በኦይል ሲሉ (ግሪሱን ዘግቶ በሚይዘው ላስቲክ) በኩል ውሃ ይስባል። ውሃና ግሪስ ይደባለቃሉ። ኩሽኔታው ይዝጋል። ከዚያ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጎማችሁ ከነሞዞው ቀድሟችሁ ይወርዳል። እኛ ዘንድ የደረሰበት ሰው አለ። ጎማው እርሻ ውስጥ ተገኘ።

ስለዚህ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ቁሙ። ሻይ ጠጡ፣ ቁርስ ብሉ። ግማሽ ሰዓት፣ ሲሆን ከዚያ በላይ። ሞዞውን ዳስሱት፣ እጃችሁን ሳያቃጥል ማሳረፍ ከቻላችሁ አስገቡ። ያን ጊዜ ዳዶዎቹንም በቁልፍ እንደገና እሰሩ። ጎማ ከቀየራችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ላይ ዳዶ ይላላል። ከኮምቦልቻ እስከዚህ ደግሞ ልክ እሱን ያህል ነው።

ግሪሱን በየስንት ጊዜ እንደምትቀይሩ አላውቅም። እኔ ክረምት ሳይገባ አንዴ፣ ከወጣ በኋላ አንዴ እፈታዋለሁ። ግሪሱ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ሆኖ እንደነበረ ካለ ደህና ነው። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ሁሉንም አጥባችሁ፣ ኦይል ሲሉን ቀይራችሁ፣ ውሃ የማያጥበውን የጀልባ ግሪስ አስገቡ። ካጣችሁም ጥሩ የኩሽኔታ ግሪስ ግዙና ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።

የሀረጎ ልጅ
ከጠዋቱ 2:11

ጋሼ፣ ያቺ ቡልቅ ቡልቅ የምትለዋን እኛም አይተናታል። «ጎማው ነፋስ ያወጣል» ብለን ሁለቴ ጎሚስታ ጋ ወስደነዋል። ምንም አላገኘም።

ሐይቅ ዳር
ከጠዋቱ 2:15

ምን ያገኛል? ነፋሱ የሞዞው ነው።

እናት ዓለም (ኮምቦልቻ)
ከጠዋቱ 3:40

ልጆቼ፣ እኔ ስለ ጎማ አላውቅም። ይኼ ልጅ ጎረቤቴ ነው። ያ ተሳቢ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ቆሞ አንድ ጎማው ሁልጊዜ ጠፍጥፎ ነው የማየው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። መኪናው ለሁለት ሳምንት ከቆመ በክሪክ አንስቶ ከሥሩ ግንድ ያስገባ ነበር። ጎማዎቹን ደግሞ በጆንያ ይሸፍናል። «ፀሐይ ጎማ ይበላል» ይል ነበር። አንተም ጆንያ አታጣም።

መካኒካሏ
ከጠዋቱ 3:58

እትዬ፣ ልክ ነዎት። የፀሐዩ ብርሃን ጎማውን ያደርቀዋል። ቆሞ የሚከርም ጎማ ደግሞ ከሥሩ ይጠፈጥፋል። በክሪክ ማንሳት ካልተቻለ እንኳ ነፋሱን ሞልቶ ከሥሩ ጣውላ ማድረግ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ገፋ አድርጎ ጎማው የሚቆምበትን ቦታ መለወጥ ይበቃል። እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ በጋዝ ወይም በናፍጣ አትወልውሉት። ሳሙናና ውሃ ነው።

የሀረጎ ልጅ
እሑድ ሚያዝያ 26፣ 2017፣ ከምሽቱ 1:15

ሰላም ወገን። በዓሉ አልፎ ፋታ ሳገኝ መጣሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የፈነዳውን ጎማ ይዤ ሻጩ ጋ ሄድኩ። አልተጣላሁም። ቁጥሩን ሳስረዳው ሰውየው ከልቡ ደነገጠ። ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እያወረደ ማንበብ ጀመረ። ገንዘቡን ሙሉ አልመለሰልኝም፣ የፈነዳውን ግማሽ ዋጋ ግን ሰጠኝ።

አዲሱን ደሴ ገዛሁ። 185 አር 14 ሲ፣ ሁለት ከነ14 ቸርኬው። 3124 ይላል፣ በኛ ሐምሌ 2016 ማለት ነው። ስገዛ አጠገቤ የቆመ አንድ አባት «ልጄ እንዳትሸወድ፣ 24 ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል፣ ይኼ የውሸት ነው» ብለው ያዙኝ። እሳቸውን ማስረዳት ጎማውን ከመግዛት በላይ ጊዜ ፈጀ። አሁንም ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሞዞዎቹን ፈታናቸው። የቀኙ ግሪስ እንደነበረ ነው። የግራው ወተት የገባበት ቡና ነበር። ኩሽኔታው ላይ የዛገ ቦታ ስላየን ሁለቱንም በኩል ቀየርን፣ ኦይል ሲሉንም ጭምር። የበረዶ ሳጥኑን መሐል ላይ፣ ከአክሰሉ ትንሽ ወደፊት አሰርነው። ነፋሱን ጋሼ ጎሚስታው 45፣ የባቲ መንገድ 60 ስላሉ 50 ሞላሁ። ሁለታችሁም ተቆጡኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሰናል። ደሴ ላይ ወርጄ ስዳስሰው ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው፣ እኩል። ሐይቅ ደግሞ ቁርስ በልተን ነው የምናስገባት። ጓደኞቼ ዕቅዱን ወደውታል፣ ለኩሽኔታው አስበው ግን አይመስለኝም።

የባቲ መንገድ
ከምሽቱ 1:40

ማሻአላህ። 50ም ይሁን።

ሰኞ ገበያ
ከምሽቱ 1:52

እንግዲህ ኖኅ ካረፈ እኛም እንረፍ።

ሐይቅ ዳር
ከምሽቱ 2:10

ጎበዝ። ተቀያሪውስ? አሁን ይዛችሁት ነው የምትወጡት?

የሀረጎ ልጅ
ከምሽቱ 2:14

አሁንማ ሃይሉክሱ ላይ ታስሮ ነው የሚውለው። ያ ሀረጎ ላይ ወንድሜ ያመጣልኝ ነው። ቸርኬው 13 ቢሆንም ቡሎኑ ይገጥማል፣ ቀስ ብሎ ቤት ያደርሳል ብለን ነው።

ጎሚስታው
ከምሽቱ 2:20

ቁጥሩን አይተኸዋል?

የሀረጎ ልጅ
ከምሽቱ 2:21

ይኼኛው እንኳ ሌላ ይመስለኛል፣ በውጭ በኩል ምንም አልተጻፈበትም።

ጎሚስታው
ከምሽቱ 2:22

በውስጥ በኩል እየው።

የሀረጎ ልጅ
ከምሽቱ 2:37

ፈትቼ በስልክ መብራት አየሁት። 4017።

ጋሼ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?